ኔፔንተስ በጎጃም፦ ነፍሳት አጥማጁን ባለ ገንቦ ተክል መለየትና በቤት ውስጥ መንከባከብ

ኔፔንተስ ከቅጠሉ ጫፍ ላይ ክዳን ያለውና ፈሳሽ የቋጠረ ገንቦ እያንጠለጠለ ነፍሳትን የሚያጠምድ የሞቃት አገር ተክል ነው። ተክሉን ገዝተው ወይም በስጦታ አግኝተው ወደ ቤታቸው ያስገቡ ሰዎች ብዙውን ጊዜ አስቀድመው የሚጠይቁት ምን እንደሚመገብ ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢመስልም ቅደም ተከተሉን የሳተ ነው፤ ኔፔንተስ በቤት ውስጥ በረሃብ ሲሞት እምብዛም አይታይምና። የሚገድሉት ደረቅ አየር፣ ጨው የበዛበት ውሃ፣ የታፈነ አፈርና ከተፈጥሮው ጋር የማይስማማ የሌሊት ሙቀት ናቸው። ስለዚህ በባሕር ዳርም ሆነ በደብረ ማርቆስ ይህን ተክል የያዘ ሰው መጀመሪያ ሊያውቅ የሚገባው ዝርያው ከየትኛው ከፍታ እንደመጣ ነው፤ የቀረው እንክብካቤ በአብዛኛው ከዚህ መልስ ተነስቶ ይወሰናል።

እስካሁን ሳይንሳዊ ስም የተሰጣቸው የኔፔንተስ ዝርያዎች ከ170 በላይ ናቸው። አብዛኞቹ የሚገኙት በቦርኒዮ፣ በሱማትራ፣ በፊሊፒንስ፣ በሱላዌሲ፣ በማሌይ ልሳነ ምድርና በኒው ጊኒ ሲሆን፣ ጥቂቶች በስሪላንካ፣ በሰሜን ምሥራቅ ሕንድ፣ በሰሜን አውስትራሊያ፣ በሲሸልስና በማዳጋስካር ይበቅላሉ። በአፍሪካ ዋና ምድር ላይ በተፈጥሮው የሚበቅል አንድም ዝርያ ስለሌለ በጣና ዳርቻ ወይም በጮቄ ተራራ ረግረጎች ኔፔንተስ ለማግኘት መዞር ከንቱ ድካም ነው። ይህ ማለት ግን አገራችን ነፍሳት አጥማጅ ተክል የላትም ማለት አይደለም፤ ዩትሪኩላሪያ የሚባሉት፣ በውሃ ውስጥ ባሏቸው ጥቃቅን ከረጢቶች ረቂቅ እንስሳትን መጥጠው የሚያስገቡ ተክሎች በኢትዮጵያ ረግረጋማ ቦታዎች ይገኛሉ። ዓይን የሚስብ ገንቦ ስለሌላቸው ግን ብዙ ሰው በአጠገባቸው ሲያልፍ ልብ አይላቸውም።

አውሮፓውያን ስለ ኔፔንተስ የጻፉት ቀደም ካለ ጊዜ ጀምሮ ነው። በማዳጋስካር የፈረንሳይ ገዢ የነበረው ኤትየን ደ ፍላኩር እ.ኤ.አ. በ1658 ተክሉን ሲገልጽ ገንቦውን አበባ ወይም ክፍት ፍሬ አድርጎ ነበር የተረዳው። ገንቦው በእርግጥ ምግብ የሚፈጭ መሆኑ በሙከራ የተመረመረው ከሁለት መቶ ዓመታት በኋላ ሲሆን፣ እንግሊዛዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ጆሴፍ ዳልተን ሁከር እ.ኤ.አ. በ1874 የእንቁላል ነጭና ሥጋን የመሳሰሉ ነገሮች በገንቦው ፈሳሽ ውስጥ ሲሟሙ ያየውን ለሳይንቲስቶች አቀረበ።

የተክሉ አካል

ተክሉን ለመለየትም ሆነ ሲታመም ለመረዳት አካሉን ማወቅ ያስፈልጋል። በልማድ ቅጠል የምንለው ሰፊና ጠፍጣፋ አረንጓዴ ክፍል በዕፅዋት ተመራማሪዎች አረዳድ የቅጠሉ ግርጌ ብቻ ነው። በመሐሉ የሚያልፈው አውታር ከጫፉ ወጥቶ እንደ ቀጭን ጅማት ይረዝማል፤ በጅማቱ ጫፍ የሚንጠለጠለው ገንቦ ደግሞ ወደ ወጥመድነት የተለወጠው ዋናው የቅጠል ክፍል ነው። ከዚህ የሚከተል አንድ ጠቃሚ ነገር አለ፦ እያንዳንዱ ቅጠል ሊያወጣ የሚችለው አንድ ገንቦ ብቻ ነው። ያ ገንቦ ከደረቀ ወይም ገና እንቡጥ ሳለ ከጠወለገ በዚያው ቅጠል ላይ ሌላ አይተካም፤ የሚጠበቀው አዲስ ቅጠል ነው። ይህን ያላወቀ ሰው አሮጌው ቅጠል ዳግመኛ ገንቦ ያወጣል ብሎ ወራት ሙሉ ይጠብቃል።

አዲስ ገንቦ ሲፈጠር በቅርብ መከታተል ተክሉን መያዝ ከሚሰጣቸው ደስታዎች አንዱ ነው። መጀመሪያ የጅማቱ ጫፍ ቡናማ ጸጉር የለበሰች ትንሽ እንቡጥ ይሆናል፤ ቀጥሎ ወደ ላይ ይታጠፍና ጠፍጣፋ ሆኖ ያድጋል፤ ከዚያም በአየር ተነፍቶ ቅርጹን ይይዛል። እስከዚህ ድረስ ክዳኑ እንደታሸገ ነው፤ ነገር ግን እንቡጡን ወደ ብርሃን አዙሮ ላየ ሰው በውስጡ ፈሳሽ መኖሩ ይታያል። ይህ ፈሳሽ የዝናብ ውሃ አይደለም፤ ተክሉ ራሱ ያመነጨው ነው። ክዳኑ ከተላቀቀ በኋላ በአፉ ዙሪያ ያለው ከንፈር ቀስ በቀስ ወደ ውጭ ይጠቀለላል፣ በቀናት ውስጥም ይጠነክርና ቀለሙን ይይዛል። ክዳኑ አንዴ ከተከፈተ ወዲያ ዳግመኛ አይዘጋም። ነፍሳት ሲገቡ ክዳኑ ተከርችሞ ይይዛቸዋል የሚለው ወሬ በብዙዎች ዘንድ የታመነ ቢሆንም ስሕተት ነው፤ የክዳኑ ሥራ ዝናብ ገንቦውን እንዳያጥለቀልቅ መከለልና በታችኛው ገጹ በሚያመነጨው ጣፋጭ ፈሳሽ ነፍሳትን መሳብ ነው።

ዋናው ወጥመድ ከንፈሩ ነው። በአጉሊ መነጽር ሲታይ ከውጭ ወደ ገንቦው ውስጥ የሚወርዱ እጅግ ቀጫጭን ሸንተረሮች ጎን ለጎን ተሰልፈውበታል። ከንፈሩ ደረቅ በሆነበት ሰዓት ጉንዳን ያለ ችግር ይመላለስበታል፤ ጤዛ፣ ዝናብ ወይም ጣፋጩ ፈሳሽ ሲያርሰው ግን በሸንተረሮቹ ላይ ስስ የውሃ ንጣፍ ስለሚዘረጋ ጉንዳኑ የሚቆናጠጠው ነገር አጥቶ ይንሸራተታል። በብዙ ዝርያዎች ከከንፈሩ በታች ያለው የውስጥ ግድግዳ ሰም የተቀባ በመሆኑ ወደ ላይ መውጣት አይቻልም፤ ከዚያ ዝቅ ብሎ ያለው ክፍል ደግሞ ፈጪ ኢንዛይሞችን የሚያመነጩ ጥቃቅን እጢዎች የተሞላ ነው። ተክሉ ከነፍሳቱ የሚፈልገው በተለይ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ነው፤ የትውልድ አፈሩ በእነዚህ ደሃ ነውና። ኃይል የሚያገኘው ግን እንደማንኛውም ተክል ከብርሃን ነው።

ከሌሎች ባለ ገንቦዎች መለየት

ባለ ገንቦ ተክል ሁሉ ኔፔንተስ አይደለም፤ እንክብካቤያቸውም ስለሚለያይ መጀመሪያ ወገኑን መለየት ይገባል። የሰሜን አሜሪካው ሳራሴኒያ ቱቦ የሆኑ ቅጠሎቹን ከመሬት ቀጥ አድርጎ ያወጣል፣ ጅማት የለውም፣ ሥሩ ውሃ ውስጥ ቢቆም ደስ ይለዋል፣ በየዓመቱም በብርድ ወራት ማረፍ ይሻል። የካሊፎርኒያና የኦሪገን ዳርሊንግቶኒያም ከመሬት የሚነሳ ሲሆን አፉ ወደ ታች በዞረ ቆብ የተሸፈነ ነው። ሄሊአምፎራ ከደቡብ አሜሪካ ጠፍጣፋ ተራሮች አናት የመጣ ነው። ዓይን የሚያታልለው ከደቡብ ምዕራብ አውስትራሊያ የመጣው ሴፋሎተስ ነው፤ ትንንሽ ገንቦዎቹ ክዳንና ሸንተረር ያለው ከንፈር ስላላቸው ኔፔንተስን ይመስላሉ፣ ነገር ግን መሬት ላይ የተቀመጡ ናቸው እንጂ ከጠፍጣፋ ቅጠል ጫፍ አይንጠለጠሉም። ጠፍጣፋ ቅጠል፣ ከቅጠሉ ጫፍ ጅማት፣ ከጅማቱ ጫፍ ገንቦ፤ ሦስቱ በዚህ ቅደም ተከተል ከታዩ ተክሉ ኔፔንተስ ነው። ለጌጥ የሚተከለው አሪስቶሎኪያ የተባለ ሐረግም አንዳንዴ ከዚህ ጋር ይምታታል፤ በእርሱ ላይ ገንቦ የሚመስለው ግን አበባው ነው፣ ነፍሳትንም ለጊዜው የሚያቆያቸው የወንዴ ዘሩን እንዲያዳርሱለት እንጂ ሊመገባቸው አይደለም።

ከዚህ በኋላ ዝርያውን መለየት ይመጣል፤ እውነቱን ለመናገር ይህ ሥራ ለባለሙያም አስቸጋሪ ነው። አንደኛው ምክንያት አንዱ ተክል ራሱ ሁለት ዓይነት ገንቦ ማውጣቱ ነው። ተክሉ አጭር ሳለ መሬት አጠገብ የሚያወጣቸው የታች ገንቦዎች ሆዳቸው ሰፋ ያለ ሲሆን በፊት ለፊታቸው ሁለት ጸጉራም ክንፎች አሏቸው፤ ጅማቱም የሚገናኛቸው በክንፎቹ በኩል ከፊት ነው። ግንዱ ረዝሞ መውጣት ሲጀምር የሚመጡት የላይ ገንቦዎች ቀጠን ያሉ፣ ክንፋቸው የመነመነና ጅማታቸው ከኋላ የሚገባ ነው፤ ጅማቱም ብዙውን ጊዜ በአቅራቢያው ባለ ነገር ላይ ይጠመጠማል። ሁለቱን ለየብቻ ያየ ሰው የሁለት የተለያዩ ተክሎች ናቸው ቢል አይፈረድበትም። ሁለተኛው ምክንያት ዝርያዎቹ እርስ በርስ በቀላሉ መዳቀላቸው ነው፤ በገበያ ላይ ካሉት ብዙዎቹ ድቅሎች፣ እንዲያውም የድቅል ድቅሎች ናቸው። ሦስተኛ፣ ችግኝ ሳለ የአንዱ ዝርያ ገንቦ ከሌላው እምብዛም አይለይም። ስለዚህ ለመለየት የሚፈልግ ሰው የገንቦውን ቀለም ትቶ (ቀለም በብርሃን መጠን ይለዋወጣል) የከንፈሩን ስፋትና ጥርስ፣ የክዳኑን ቅርጽ፣ የገንቦውን ወገብ፣ ቅጠሉ ከግንዱ ጋር የሚገናኝበትን ሁኔታና የጸጉሩን መኖር አለመኖር ይመልከት።

በዓለም የተክል ገበያ ላይ በብዛት የሚገኘውና ለጀማሪ የሚመከረው ቬንትራታ የተባለው ድቅል ነው። አረንጓዴ መሠረት ላይ ቀይ የተቀላቀለበት፣ ወገቡ በመጠኑ የጠበበና ከንፈሩ ቀጭን ቀይ የሆነ ገንቦ አለው፤ ብዙ ጊዜም አላታ የሚል የተሳሳተ ስም ተለጥፎበት ይሸጣል። ከወላጆቹ አንዱ የሆነው የፊሊፒንሱ ቬንትሪኮሳ ወገቡ ጥብቅ ብሎ የገባ፣ ከንፈሩም ወፍራም ነው። አምፑላሪያ አጭርና ድቡልቡል ሲሆን ትንሿ ክዳኑ ወደ ኋላ ተገልብጣ አፉን ክፍት ትተወዋለች፤ ይህ ዝርያ ከነፍሳት ይልቅ ከዛፍ የሚረግፍ ቅጠልን አጠራቅሞ ከብስባሹ መመገብን የለመደ ነው። ባይካልካራታ ከክዳኑ ሥር ወደ ታች በሚወርዱ ሁለት ሹል ጥርሶቹ ከማንም አይምታታም። ትሩንካታ የሚታወቀው ጫፉ የተቆረጠ በሚመስል፣ ልብ ቅርጽ ባለው ሰፊ ቅጠሉ ነው። ራጃ ደግሞ ከሁሉም የገዘፈው ነው፤ በቦርኒዮ በኪናባሉ ተራራና በአካባቢው ብቻ የሚገኝ ሲሆን አንዱ ገንቦው ከሦስት ሊትር በላይ ውሃ ሊይዝ ይችላል።

የእነርሱ ቆላና የእኛ ቆላ

አሳዳጊዎች የኔፔንተስ ዝርያዎችን በግርድፉ ቆላማና ደጋማ ብለው ይከፍሏቸዋል፤ መለያውም ከባሕር ጠለል በላይ 1,000 ሜትር ገደማ ነው። ቆላማዎቹ ቀን ከ27 እስከ 32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ሌሊት ደግሞ ከ20 ዲግሪ ያላነሰ ሙቀት ይፈልጋሉ። ደጋማዎቹ ቀን ከ20 እስከ 27፣ ሌሊት ከ10 እስከ 16 ዲግሪ ይስማማቸዋል፤ እንዲያውም የሌሊቱን ቅዝቃዜ ካላገኙ እድገታቸው ይቆማል።

ለጎጃም አንባቢ ይህ አከፋፈል የታወቀ ይመስላል፤ ነገር ግን በጥንቃቄ ካልተያዘ ያሳስታል። ከደጀን ወደ ጎሐ ጽዮን ሲኬድ የሚታለፈው የዓባይ በረሃ ወለል በከፍታው ከቆላማዎቹ መኖሪያ ጋር ሊቀራረብ ይችላል፤ ሆኖም የእነርሱ ቆላ ዓመቱን ሙሉ በዝናብና በእንፋሎት የታፈነ ደን ወይም ረግረግ ሲሆን የዓባይ ቆላ ደረቅና የሚያቃጥል ነው። በሌላ በኩል ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ ይህ በኪናባሉ ተራራ ላይ ራጃ ከሚበቅልበት ከ1,500 እስከ 2,650 ሜትር ካለው እርከን ውስጥ ይወድቃል። ባሕር ዳርም 1,800 ሜትር ገደማ ላይ በመሆኗ ሌሊቷ የደጋማዎቹን ፍላጎት ያሟላል። ስለዚህ ብዙዎች የሞቃት አገር ተክል ነውና ሙቀት ይፈልጋል ብለው ምድጃ አጠገብ ማስቀመጣቸው ቀርቶ፣ በጎጃም ያለ ሰው በሙቀት ረገድ ለደጋማ ዝርያዎች የተፈጠረ አገር ላይ እንደሚኖር ቢያውቅ ይጠቅመዋል። የጎደለው እርጥበት ነው። የኪናባሉ ወገብ በየዕለቱ ማለት ይቻላል በጉም ይሸፈናል፤ የእኛ ሰማይ ግን ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ጠርቶ ይከርማል፣ አየሩም ቀን ቀን ከንፈር እስኪሰነጥቅ ይደርቃል።

ስለዚህ በእኔ ግምት በባሕር ዳር፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ለሚኖር ሰው ቬንትራታ፣ ቬንትሪኮሳ፣ ማክሲማና የሕንዱ ካሲያና ይስማሙታል፤ ለደብረ ማርቆስና ለዳንግላ ደግሞ ቬንትራታና ቬንትሪኮሳን ጨምሮ ሳንጉዊኒያን የመሳሰሉ ደጋማዎች ይሻላሉ። በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ ወደ 10 ዲግሪና ከዚያም በታች ስለሚወርድ በእነዚህ ወራት ተክሉ ከበረንዳ ወደ ቤት ገብቶ ቢያድር ይመረጣል፤ ውርጭ በሚመታባቸው ከፍተኛ ቦታዎች ደግሞ ውጭ ማሳደር ጨርሶ አይሞከርም። አምፑላሪያን፣ ባይካልካራታንና ራፍሌሲያናን የመሳሰሉ ቆላማዎች ያለ ማሞቂያ በጎጃም ሌሊት አይበረክቱም፤ ስለማይቻል ሳይሆን ልፋቱ ስለማያዋጣ አልመክራቸውም።

ውሃና አፈር

የኔፔንተስ ሥር ንጥረ ነገር በጣም ባነሰበት አፈር የለመደ በመሆኑ በውሃ ውስጥ የሟሟ ጨው ይጎዳዋል። የቧንቧና በተለይም የጉድጓድ ውሃ ካልሲየምና ሌሎች ማዕድናት ይይዛል፤ ተክሉ በተተከለበት ማሰሮ ላይ ነጭ ቅርፊት ከታየ ምልክቱ ይኸው ነው። ማፍላት መፍትሔ አይደለም፤ ከፊሉ ኖራ በማፍያው ላይ ቢቀርም ሌላው ጨው ውሃው በተነነ ቁጥር እየተከማቸ ይሄዳል። የታሸገ ውሃም ከማዕድን ነጻ አይደለም፤ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን የሟሟ ጨው መጠን አንብቦ በሊትር ከ50 ሚሊግራም በታች የሆነውን መምረጥ ይቻላል። የባትሪ ውሃ የሚባለውን የሚጠቀም ሰው የገዛው የተጣራ ውሃ እንጂ የባትሪ አሲድ አለመሆኑን ደግሞ ደጋግሞ ያረጋግጥ።

ጎጃም ግን ከማንኛውም የተሻለ ውሃ ከሰማይ ይወርድለታል። የክረምቱ የመጀመሪያ ዝናቦች የጣሪያውን አቧራና የወፍ ኩስ አጥበው ካለፉ በኋላ፣ ከሰኔ መጨረሻ ጀምሮ ከአሸንዳ የሚወርደውን ውሃ በንጹሕ ጀሪካን ወይም በሮቶ ማጠራቀም በቂ ነው። ቀለም የሚለቅ ወይም የዛገ ቆርቆሮ ካለ በቀጥታ ከሰማይ በሰፊ ሳፋ መቀበል ይሻላል። አንድ መካከለኛ ተክል በሳምንት አንድ ሊትር ያህል ቢጠጣ፣ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካኖች ከጥቅምት እስከ ግንቦት ያደርሱታል። ጀሪካኑ ብርሃን በማያገኝበት ቦታ ከተቀመጠ ውሃው አረንጓዴ አያበቅልም። ውሃ የሚጠጣው ከላይ ሲሆን ትርፉ ከሥር ወጥቶ መፍሰስ አለበት፤ አፈሩ እርጥብ ይሁን እንጂ ማሰሮው እንደ ሳራሴኒያ ውሃ ውስጥ አይቁም፤ ሥሩ ይበሰብሳልና።

የአፈሩ ነገር በጎጃም ላደገ ሰው ግር የሚል ገጽታ አለው። በምዕራብ ጎጃምና በአዊ ብዙ ማሳዎች አሲዳማ ሆነው ገበሬው ኖራ እየበተነ ለማከም ሲደክም፣ ኔፔንተስ ግን አሲዳማነትን ይወዳል፤ ኖራ የነካው አፈር ይገድለዋል። ሆኖም ይህ ቀዩን አፈር ከጓሮ ዝቆ መትከልን አይፈቅድም፤ ጠላቱ የአሲዱ መጠን ሳይሆን የአፈሩ ጥብቅነት ነው። ቀጫጭን ሥሮቹ አየር ይፈልጋሉ፤ ቀዩም ሆነ ጥቁሩ አፈር ሲርስ ይታፈናል፣ ሲደርቅ ይጠነክራል። ፍግ፣ ብስባሽ፣ አመድ፣ ኡሪያና ዳፕ ወደ ማሰሮው መግባት የለባቸውም። የሚመረጠው ድብልቅ ስፋግነም ሞስ (ውሃ የሚቋጥር የረግረግ ሽበት) ከፐርላይት (በሙቀት ከተነፋ ድንጋይ የተሠራ ቀላል ነጭ ጠጠር) ጋር እኩል በእኩል ነው። ስፋግነም ካልተገኘ የአበባ እርሻዎች የሚጠቀሙበትን ኮኮፒት (የኮኮናት ልጣጭ ድቃቂ) መጠቀም ይቻላል፤ የባሕር ጨው ሊኖርበት ስለሚችል ግን በዝናብ ውሃ ደጋግሞ መታጠብ አለበት። ፐርላይትን በተነፋና በታጠበ ፑሚስ (ቀዳዳ የበዛበት ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) መተካትም ይቻላል።

በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ ገደማ አፈሩ ይለወጣል። በዚህ ጊዜ ብዙዎችን የሚያስደነግጥ ነገር ይታያል፦ ሥሩ ጥቁር፣ እንደ ጸጉር የቀጠነና በቀላሉ የሚበጠስ ነው። ጥቁርነቱ የጤናማ ኔፔንተስ ሥር መልኩ እንጂ ብስባሽ አይደለም፤ የበሰበሰ ሥር የሚለየው ሲነካ ልፍስፍስ በማለቱና በመጥፎ ሽታው ነው። ጥቁሩን ሥር ሞቷል ብሎ የሚቆርጥ ሰው ደህናውን ተክል በገዛ እጁ ያሳምመዋል።

ብርሃንና እርጥበት

ጎጃም በሰሜን ከ10 እስከ 12 ዲግሪ ኬክሮስ ገደማ ላይ በመሆኑ የቀኑ ርዝመት ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙ አይርቅም፤ ይህም ለተክሉ ከትውልድ አገሩ የሚቀራረብ ነው። የጠዋት ፀሐይ የሚያስገባ የምሥራቅ መስኮት ወይም ስስ መጋረጃ ያለው ብሩህ ክፍል ምርጥ ቦታ ነው። የደጋው የቀትር ፀሐይ ግን ኃይለኛ ስለሆነ ቅጠሉን ያቃጥለዋል። ብርሃን በዛ ማለት ቅጠሉ ወደ ቀይ ወይም ቢጫ ያዘነብላል፤ ብርሃን አነሰ ማለት ቅጠሎቹ ጥቁር አረንጓዴና ረጃጅም ይሆናሉ፣ ገንቦም አያወጡም። ተክሉን ከመስኮቱ ሦስት ወይም አራት እርምጃ ወደ ውስጥ ማስገባት ለዓይናችን ለውጥ ባይመስልም ለእርሱ ጨለማ ነው።

ገንቦ አልመጣ ሲል ከብርሃን ቀጥሎ የሚጠረጠረው የአየሩ ድርቀት ነው። በደረቅ አየር እንቡጡ ጥቂት አድጎ ቡናማ ይሆንና ይቀራል። ቬንትራታ 50 በመቶ ገደማ እርጥበት ቢያገኝ ይበቃዋል፤ አብዛኞቹ ሌሎች ግን ከ60 በመቶ በላይ ይሻሉ። ቅጠሉ ላይ ውሃ መርጨት ጥቅሙ ለደቂቃዎች ብቻ ስለሆነ ብዙ አይታመንበት። ይልቁንም ጠጠር በተሞላ ሰፊ ትሪ ላይ ውሃ አድርጎ ማሰሮውን ውሃው ሳይነካው ከጠጠሩ በላይ ማስቀመጥ፣ ከሌሎች አበቦች ጋር ማቀራረብና ነፋስ ከሚያስገባ በር ማራቅ ይረዳል። በመጋቢትና በሚያዝያ ድርቀት ለትንሽ ተክል ከሥሩ የተቆረጠ ትልቅ የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ መድፋት ቀላሉ መፍትሔ ነው፤ ክዳኑ ተከፍቶ አየር እንዲገባ፣ ቀጥተኛ ፀሐይም እንዳይመታው መጠንቀቅ ነው። ሽፋኑን ለማንሳት ሲፈለግ በአንድ ቀን ሳይሆን በሳምንታት ውስጥ እያላመዱ ይሁን። አዲስ የመጣ ተክል ያሉትን ገንቦዎች ማድረቁ የተለመደ ስለሆነ በየሳምንቱ ቦታ እየለዋወጡ ማንገላታት አያስፈልግም።

ምግብና ትንኝ

ገንቦው ፈሳሹ በጉዞ ከፈሰሰበት እስከ ሩቡ ወይም ሲሶው ድረስ ንጹሕ የዝናብ ውሃ ይጨመርለታል፤ እስከ አፉ መሙላት ግን የራሱን ኢንዛይም ያቀጥነዋል። በረንዳ ላይ ያለ ተክል ጉንዳንና ዝንብ ራሱ ስለሚያጠምድ ምንም መመገብ አያስፈልገውም። ቤት ውስጥ ለሚኖር በወር አንድ ጊዜ ለአንድ ወይም ለሁለት ገንቦ አንዳንድ ነፍሳት መጣል በቂ ነው፤ በክረምት መግቢያ አምፖል ላይ የሚረባረበው አሸን ለዚህ የተመቸ ነው፣ ነገር ግን ገንቦውን በአሸን መጠቅጠቅ ከመፍጨት አቅሙ በላይ ሆኖ ያገማዋል። ሥጋ፣ ወተት ወይም የወጥ ፍርፋሪ አይሰጥም፤ በፍሊት የሞተ ዝንብም እንዲሁ።

ወባ ባለባቸው የጣና ዙሪያ ቀበሌዎች የሚኖር ሰው ገንቦው የትንኝ መፈልፈያ ይሆን ወይ ብሎ ቢሰጋ አይነቀፍም። በእስያ ደኖች እጮቻቸው በኔፔንተስ ገንቦ ውስጥ መኖርን የለመዱ የትንኝ ዝርያዎች በእርግጥ አሉ። የወባ ትንኝ ግን በአብዛኛው የምትፈለፈለው መሬት ላይ በተኛ ክፍት ውሃ ነው፤ ስለዚህ በቤት ውስጥ የሚያሳስበው ከገንቦው ይልቅ ክዳን የሌለው ሮቶና በትሪው ላይ የሰነበተ ውሃ ነው። ሮቶው ይከደን፣ የትሪው ውሃም ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ ተደፍቶ ይለወጥ። ተክሉ ቤቱን ከዝንብና ከትንኝ ያጸዳልኛል ብሎ የሚጠብቅ ካለም ያ ተስፋ አይሳካለትም፤ የሚይዘው ጥቂት ነው።

ገንቦዎች ከወራት በኋላ ከክዳናቸው ጀምሮ መድረቃቸው እርጅና እንጂ በሽታ አይደለም። የደረቀው ክፍል ብቻ በመቀስ ይቆረጣል፤ አረንጓዴ የሆነው የታችኛው ክፍል መፍጨቱን ይቀጥላል። በቅጠሉ መጋጠሚያ ላይ ነጭ ጥጥ የመሰለ ተባይ ከታየ አልኮል በነካ ጥጥ እየጠረጉ ማንሳት ይሻላል። አዲስ የሚወጡ ቅጠሎች እየተጨማደዱና እያነሱ ከሄዱ ደግሞ በተባይ ከማመካኘት በፊት ሲጠጣ የቆየውን ውሃ መመርመር ነው።

ስለ ግዢና ስለ ማባዛት

ኔፔንተስ በሙሉ ለመጥፋት የሚያሰጉ ዝርያዎችን ንግድ በሚቆጣጠረው ሳይተስ በተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ሥር ነው፤ ራጃና ካሲያና በጥብቁ በመጀመሪያው ሠንጠረዥ፣ የቀሩት በሁለተኛው ሠንጠረዥ ተመዝግበዋል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ የስምምነቱ አባል ስለሆነች ከውጭ የሚመጣ ተክል የሳይተስ ፈቃድ ወረቀትና የዕፅዋት ጤና ማረጋገጫ ሊኖረው ይገባል። በሻንጣ ሥር ደብቆ ማምጣት በጉምሩክ ከመወረስ ባሻገር ተባይንም ያስገባል። ሻጩ ከጫካ የተነቀለ ነው ቢል፣ ወይም ተክሉ ያረጀ ግንድ ኖሮት ሥሩ ጥቂት ከሆነ አለመግዛት ነው፤ በችግኝ ጣቢያ ወይም በቲሹ ካልቸር (ከተክል ትንሽ ክፍል በላቦራቶሪ በማሳደግ) የተባዛው ለቤትም ቶሎ ይለምዳል።

ከጎረቤት ተክል ቆርጦ ማባዛት ግን ከሁሉም የቀለለው መንገድ ነው። ዘር መጠበቅ አያዋጣም፤ ወንዴውና ሴቴው የተለያየ ተክል ላይ ስለሆኑ ሁለቱ በአንድ ጊዜ ማበብ አለባቸው፣ የተገኘውም ዘር ቶሎ ይመክናል፣ የበቀለውም ለመጎልመስ ዓመታት ይወስዳል። ለመቁረጥ ጥሩው ወቅት አየሩ የሚረጥብበት ሰኔና ሐምሌ ነው። ሁለት ወይም ሦስት ቅጠል ያለው የግንድ ቁራጭ በንጹሕ ምላጭ በሰያፍ ይቆረጣል፤ ቅጠሎቹ እርጥበት እንዳያባክኑ እያንዳንዳቸው በግማሽ ይቀነሳሉ፤ ከዚያም በራሰ ስፋግነም ተተክሎ ቀጥተኛ ፀሐይ በማያገኝ ብሩህ ቦታ በላስቲክ ይሸፈናል። ሥር ለማውጣት ከአንድ እስከ ሦስት ወር ሊወስድ ይችላል። ቅጠሉ ከግንዱ ከሚገናኝበት ብብት አዲስ ቡቃያ መታየቱ ሥር ለመያዙ እርግጠኛ ማስረጃ ስላልሆነ፣ ሥር አውጥቶ እንደሆነ ለማየት መጎተት አይገባም፤ አዲሱ ቅጠል ተዘርግቶ የራሱን ጅማት ሲያወጣ ላስቲኩን በጥቂት በጥቂቱ መክፈት ይጀመራል።